ምደባና ምክር፦ የሥራ ምርጫ ታሪክ ከቦስተን እስከ ቱሊ ጉሌድ

ሰው በዕድሜው ከሚወስናቸው ነገሮች መካከል እንደ ሥራ ምርጫ ለብዙ ዓመት የሚከተለው ጥቂት ነው። የሚወደውን ሥራ ያገኘ ሰው ድካሙ ይቀልለታል፤ ሙያው በየዓመቱ ይዳብራል፤ የእጁም ፍሬ ከራሱ አልፎ ለሌላው ይተርፋል። ሳይወደው በገባበት ሥራ የሚውል ሰው ግን ሰዓት እየቆጠረ ያመሻል። ጉዳቱም በእርሱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ልቡ ሌላ ዘንድ ያለ መሐንዲስ ሳያስተውል ያለፈው ስንጥቅ፣ ሳይወድ መምህር የሆነ ሰው ያሰለቸው ክፍል፣ ሁለቱም የኅብረተሰቡ ኪሳራ ናቸው።

“ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው” ይላሉ አበው። ምሳሌው ሥራ ሁሉ የየራሱ ባለቤት እንዳለው ያስረዳል፤ ያ ባለቤት ማን እንደሆነ አስቀድሞ በምን እንደሚታወቅ ግን አይነግርም። ለዚህ ጥያቄ በታሪክ ሦስት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል። የመጀመሪያው “የአባቱ ሥራ የእርሱ ነው” የሚለው የውርስ መልስ ነው። ሁለተኛው “መንግሥት ወይም ፈተና የመደበው ሥራ የእርሱ ነው” የሚለው የምደባ መልስ ነው። ሦስተኛው፣ በዕድሜም ከሁሉ የሚያንሰው፣ “ራሱን መርምሮ፣ ሥራዎችን አውቆ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማክሮ የመረጠው ሥራ የእርሱ ነው” የሚለው የምክር መልስ ነው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ ረጅም ዘመን ኖራለች። ሦስተኛው ገና በጅምር ላይ ይገኛል። የዚህ ጅምር መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዋናው ከተማ ርቆ ከሚኖር ወጣት አንጻር ሲታይ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል።

የሜዳው ልጅ

ቱሊ ጉሌድ በሶማሌ ክልል በፋፈን ዞን፣ በጅግጅጋ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ ወረዳ ነው። በዚህ በክልሉ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ከፊል አርብቶ አደር ነው፤ ይኸውም በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ እየዘራ ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል ያረባል። ከጅግጅጋ ወደ ምዕራብ የካራማራን ኮረብታዎች የሚያቋርጠው መንገድ ወደ ሐረር ይወስዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ደግሞ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ድንበሩና ከዚያም ወደ በርበራ ወደብ ያደርሳል። ስለዚህ አካባቢው የእርሻ፣ የከብትና የንግድ መገናኛ ነው።

በዚህ ሜዳ ተወልዶ ያደገ ወጣት ፊት ለፊቱ የሚያያቸው መንገዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንደኛው የአባቱን መንጋና እርሻ መከተል ነው። ሁለተኛው ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ ድንበሩ ገበያ ወርዶ ከዘመድ ሱቅ መጠጋት ነው። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ገብቶ የመልቀቂያ ፈተና መጠበቅ ነው። አራተኛው፣ ወላጆችን ሁሉ የሚያስጨንቀው፣ ሶማሌዎች “ታህሪብ” የሚሉት በሕገ ወጥ መንገድ በረሃና ባሕር አቋርጦ የመሰደድ ጉዞ ነው። ልጃገረድ ከሆነች ምርጫዋ ከዚህም ይጠብባል፤ ከእናቷ የምትወርሰው የቤት ሥራና የወተት ንግድ ነው።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት ቁም ነገር አለ። የመንገዶቹ ቁጥር ያነሰው በአካባቢው የሚሠራ ነገር ስለሌለ ብቻ አይደለም። የትራክተር ጥገና፣ የውኃ ሥራ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የወተት ማቀነባበር፣ የግንባታና የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ በሜዳው ላይ ባለሙያ የሚፈልጉ ናቸው። ነገር ግን ወጣቱ ያላየውን ሥራ ሊመርጥ አይችልም፤ የሚያሳየውና የሚያማክረው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የለም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የውርስ ዘመን

በጥንቱ የሶማሌ ኅብረተሰብ ወንዶች በሁለት ወገን ይታዩ ነበር። አንደኛው ወገን የሃይማኖት ትምህርት የተማረው “ዋዳድ” ነበር። ሁለተኛው ወገን ጦር ያዡ “ወራንሌ” ሲሆን አብዛኛው ሕዝብ የሚመደበው በዚህ ነበር። ልጅ ገና በትንሽነቱ ከመንጋ ጋር ይወጣል፤ ሣሩን፣ ውኃውን፣ የእንስሳቱን በሽታ፣ የዝናቡን ምልክት በማየትና በመሥራት ይማራል። ይህ ትምህርት የሚናቅ አልነበረም። አንድ የግመል እረኛ ስለ እንስሳቱ የሚያውቀው በየዓመቱ በድርቅና በጉዞ የተፈተነ ዕውቀት ነው። ይሁን እንጂ ልጁ “ሌላ ምን ልሁን?” ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረም።

ከዚህም ሌላ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱማሎችና የመሳሰሉት የእጅ ባለሙያ ወገኖች በዝቅተኛ ዓይን ይታዩ ነበር። ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር ሙያው ከወገኑ አይወጣም፤ ከሌላ ወገን የተወለደ ልጅም እጁ ለብረት የተፈጠረ ቢሆን እንኳ ወደ ምድጃው አይጠጋም። መሣሪያቸውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ወንበራቸውን ግን የሚሻ የለም።

ደገኛው ወገን በዚህ ረገድ ከቆለኛው የተሻለ አልነበረም። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ማረሻውን፣ ልብሱን፣ ጠፍሩንና ድስቱን ለሁሉ እያቀረቡ ስማቸው የስድብ ቃል ሆኖ ኖረ። ክቡር ተብለው የሚጠሩት ሥራዎች ሦስት ነበሩ፤ እርሻ፣ ውትድርናና ክህነት። የቀሩት በውርስ የሚተላለፉ ሸክሞች ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። እንግዲህ በደጋም ሆነ በቆላ የውርስ ሥርዓት የሠራው ጥፋት ተመሳሳይ ነው። ሙያን ከሰው ችሎታ ለይቶ ከዘር ጋር አሰረው።

በ1900 ዓ.ም. የሆኑ ሁለት ነገሮች

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። የአዋጁ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ባለ እጁን የሚያዋርድ አገር ጥበብ አያገኝም፤ ሰዳቢውም ይቀጣል። ይህ አዋጅ በኢትዮጵያ የሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዞ ይኖራል። አዋጁ የሥራን በር የዘጋውን ንቀት በሕግ ለመክፈት የተደረገ ሙከራ ነው። ነገር ግን በሩ ቢከፈትም በየትኛው በር ማን እንደሚገባ የሚያማክር አካል ገና አልተፈጠረም ነበር።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1908፣ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ አንድ አነስተኛ ቢሮ ተከፈተ። መሥራቹ ፍራንክ ፓርሰንስ ይባላሉ። የእኒህ ሰው ታሪክ በተለይ ለመሐንዲሶች የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ተወልደው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ተማሩ፤ በ1873ም ተመርቀው በባቡር ሐዲድ ኩባንያ ውስጥ በሲቪል መሐንዲስነት ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በተነሣው የገንዘብ ቀውስ ኩባንያው ከሰረ። ፓርሰንስም በብረት ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ሆኑ፤ ቀጥሎ መምህር፣ ቀጥሎ የሕግ ጠበቃ፣ ቀጥሎ የሕግ መጻሕፍት አዘጋጅና የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ። ለቦስተን ከተማ ከንቲባነትም ተወዳድረው አልተመረጡም። ከሥራ ወደ ሥራ በመንከራተት ያለፈ ዕድሜ ስለነበራቸው ሌሎች እንዲሁ እንዳይንከራተቱ የሚረዳ ዘዴ ለማግኘት ተነሡ።

ፓርሰንስ ያስቀመጡት ዘዴ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ወጣቱ ራሱን፣ ማለትም ችሎታውን፣ ዝንባሌውን፣ አቅሙንና ጉድለቱን በሚገባ ይወቅ። ሁለተኛ፣ ስለ ልዩ ልዩ ሥራዎች የሚጠይቁትን ዝግጅት፣ የሚያስገኙትን ገቢና ያለባቸውን ችግር ይረዳ። ሦስተኛ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት በትክክለኛ አስተሳሰብ ይመዝን። ይህ አሠራር የመሐንዲስ አእምሮ ውጤት መሆኑ ያስታውቃል። መሐንዲስ ሕንፃ ከማቆሙ በፊት አፈሩን ይመረምራል፤ ሕንፃው የሚሸከመውን ጭነት ያሰላል፤ ከዚያም መሠረቱን ለሁለቱ በሚስማማ መንገድ ይነድፋል። አፈሩን ሳይመረምር መሠረት የሚጥል ባለሙያ በሕግ ይጠየቃል። የሰውን ዕድሜ ሙሉ የሚሸከመው ምርጫ ግን ያለ ምርመራ ሲወሰን ማንም አይጠየቅም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ይህ የምክር አገልግሎት የተጀመረው ለሀብታም ልጆች አልነበረም። ቢሮው የተቋቋመበት የበጎ አድራጎት ቤት ከአውሮፓ ተሰድደው የመጡ ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር የነበረ ሲሆን ደንበኞቹም ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ነበሩ። ስለዚህ “የሚወዱትን ሥራ መፈለግ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው” የሚለው አነጋገር ከታሪኩ ጋር አይስማማም። ሀብታም ቢሳሳት እንደገና ለመጀመር አቅም አለው፤ ድሃ ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የጠፋውን ዓመት የሚተካለት የለም።

ፓርሰንስ በመስከረም 1908 ዐረፉ። “ሙያን መምረጥ” የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፋቸው የታተመው በተከታዩ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ሁለት መንገድ ያዘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ምልምሎችን በጽሑፍና በሥዕል ፈተና መዝኖ በየክፍሉ መደበ። ይህ ለድርጅቱ የሚሆነውን ሰው የመምረጥ መንገድ ነው። ሌላው ለሰውየው የሚሆነውን ሥራ የመፈለግ መንገድ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ሙያ መመሪያ ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 87 ይህን ሁለተኛውን መንገድ አገሮች ሁሉ እንዲይዙት አሳሰበ። ሁለቱ መንገዶች መሣሪያቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ የሚያገለግሉት ግን የተለያየ ጌታ ነው።

ከማዕድን ወደ ቀለም

ምክር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከአገር ውስጥ ምሳሌ መፈለግ ቢያስፈልግ የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ይበቃል። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ገና በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ከጠላት ወረራ ገና የተላቀቀች አገር መሐንዲሶች ያስፈልጓት ስለነበር ምደባው ከአገር ጥቅም አንጻር የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ በትምህርት ቤት ሳሉ መምህራኖቻቸው የሥዕል ተሰጥኦዋቸውን አስተዋሉ፤ በዚያም እንዲገፉበት አበረታቷቸው። አፈወርቅ በለንደን ማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ።

ውጤቱ የታወቀ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ሜትር ካሬ የሚሸፍነው የቀለም መስታወት ሥራ ከአፈወርቅ እጅ የወጣ ነው። በሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የነበረውና በ2012 ዓ.ም. የፈረሰው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ላይ ሐውልትም የእርሳቸው ሥራ ነበር። አገሪቱ አንድ የማዕድን መሐንዲስ አጣች ቢባል በምትኩ ያገኘችው በማንኛውም ሚዛን የሚበልጥ ነው። ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ የቀበራቸው ሕዝብ የመጀመሪያውን ምደባ አላስታወሰም።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ሥዕል ከምሕንድስና ይበልጣል የሚል አይደለም። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድም ብዙ ነው፤ ጸሓፊ ሆኖ የተቀመጠ ጥሩ መካኒክ፣ ነጋዴ የሆነ ጥሩ ቀያሽ በየከተማው አይታጣም። ትምህርቱ ይህ ነው፤ መምህራኑ ልጁ የሚሠራውን አይተው ያዩትን ነገሩት። ያ ዐይን ባይኖር ኖሮ ተሰጥኦው ከማዕድን ጉድጓድ ሥር ይቀር ነበር።

የምደባ ዘመን

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የሙያ ትምህርት ቤቶችን በፍጥነት ከፈተ። የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም.፣ የምሕንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም.፣ የሕንፃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በሐረርጌ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1940ዎቹ ማብቂያ ተቋቁሞ ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የከፍተኛ ትምህርትን በር ከፈተ። ቀጥሎም የቴክኒክ፣ የንግድና የእርሻ ትምህርትን ከቀለም ትምህርት ጋር ያጣመሩ ሁለገብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ።

ተማሪው ከመንግሥት በሚፈለግበት ቦታ እንዲሠለፍ የተደረገበት ሁኔታም ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ላከ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ሁለቱም ከተሜውን ወጣት ከአገሩ ሕዝብ ጋር አስተዋውቀዋል፤ ይህ ጥቅማቸው አይካድም። ዝንባሌን ለመለየት የታቀዱ ግን አልነበሩም።

በ1968 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 64 ቅጥር በመንግሥት የሥራ ማገናኛ ቢሮዎች በኩል እንዲካሄድ አደረገ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅም በማዕከል ተመድቦ ወደተላከበት ይሄድ ነበር። ሥርዓቱ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የተማረ ሰው ሥራ አያጣም። ጉድለቱ ደግሞ ወጣቱ የሚያሳስበው “ምን ልሥራ?” የሚለው ጥያቄ ሳይሆን “የት ይጥለኝ ይሆን?” የሚለው መሆኑ ነው። ብዙ ዓመት ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ይረሳል።

የጅግጅጋ አካባቢ ወጣት በዚህ ዘመን የደረሰበት ከሌላው የከፋ ነበር። በሶማልያ ወረራ ምክንያት ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች፤ የካራማራው ድል የተገኘውና ከተማዋ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ በሰሜን ሶማልያ በተነሣው ጦርነት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ድንበሩን ተሻግረው መጡ፤ በሐርቲሼክ የተቋቋመው የስደተኞች ሰፈር በዓለም ከነበሩት እጅግ ሰፊዎቹ አንዱ ሆነ፤ የተዘጋውም በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ ያደገ ትውልድ ቀዳሚ ጥያቄው ሕይወትን ማትረፍ ነበር። ሥራ የሚባለው ዛሬ ያጋጠመ ነገር ነው፤ ለነገ የሚመረጥ ነገር አልነበረም።

ፈተናው የሚጥላቸው

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ለምሩቃን ሁሉ ሥራ የመስጠት ግዴታውን ተወ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን በየብሔረሰቡ ቋንቋ አስፋፋ፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናንም ራሱን የቻለ መስመር አደረገው። በ1999 ዓ.ም. የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በሜዳው ለተወለደ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ዲግሪ ማግኘት ተቻለ፤ ይህ በአያቱ ዘመን የማይታሰብ ነበር።

ሆኖም የተለወጠው የሥራ ስጦታው እንጂ ምደባው አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 70ው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ተወሰነ። አገር መሐንዲስ ትሻለች፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኮታን ለመሙላት መሐንዲስ የተባለ ወጣት ሲመረቅ መንግሥት እንደ ቀድሞው ሥራ አይመድብለትም፤ እርሱም መርጦ ያልገባበትን ሙያ ይዞ በራሱ ሥራ ፈልግ ይባላል። የሁለቱ ዘመናት ጉድለት በአንድ ሰው ላይ ተገናኘ ማለት ነው።

ከዚያ የባሰው ደግሞ በፈተና ላይ ታየ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። ፈተናው ጥብቅ መሆኑ የኩረጃን በሽታ ስላጋለጠ የሚወደስበት ወገን አለው። ነገር ግን ዘጠና ከመቶ በላይ የሆነው ወጣት “አላለፍህም” ከሚለው ቃል በቀር ሌላ የሚነግረው አላገኘም። ፈተና የሚናገረው ተፈታኙ ያልቻለውን ነው፤ የሚችለውን የመፈለግ ሥራ የሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው በሌለበት ስፍራ ታህሪብን የሚሰብክ ደላላ ቦታውን ይይዛል። ደላላው በራሱ መንገድ የሥራ አማካሪ ነው፤ ወጣቱን ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል፤ መንገድም ያሳየዋል። የሚያሳየው መንገድ ግን በረሃ ላይ ወይም ባሕር ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

አማካሪው ምን ይሠራል?

በቅርብ ዐሥርት ዓመታት የሙያ ምክር አዲስ መልክ ይዟል። የአሜሪካዊው የቴኒስ አሠልጣኝ ቲሞቲ ጋልዌይ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የቀድሞው የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ የእንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር መጽሐፍ በ1992 ከወጡ በኋላ ከስፖርት ሜዳ ወደ ሥራ ዓለም የተሻገረ “ኮቺንግ” የሚባል ዘዴ ተስፋፋ። ፍሬ ሐሳቡ አጭር ነው። አሠልጣኙ ለተጫዋቹ ኳሱን አይመታለትም፤ ተጫዋቹ የራሱን አመታት እንዲያስተውል ይጠይቀዋል። እንደዚሁም የሙያ አማካሪ “ይህን ሁን” አይልም። የትኛውን ሥራ ስትሠራ ሰዓቱ ሳይታወቅህ አለፈ? ሰዎች የሚለምኑህ ምን እንድትሠራላቸው ነው? የምትመኘውን ሥራ የሚሠራ ሰው አይተሃል? ያን ሰው አነጋግረሃል? በሚመጣው ሳምንት ምን ልትሞክር ትችላለህ? እያለ ይጠይቃል።

ለምሳሌ አንድ የቱሊ ጉሌድ ወጣት በፈተና ወድቆ ቤቱ ተቀምጧል እንበል። በልጅነቱ የጎረቤት ትራክተር ሲበላሽ ከመካኒኩ አጠገብ የማይጠፋው እርሱ ነበር። ይህን ነገር ራሱም ቢሆን እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ችሎታ ቆጥሮት አያውቅም፤ በሰርተፍኬቱ ላይም አልተጻፈም። አማካሪው በጥያቄ ያወጣዋል። ቀጥሎ ወደ ጅግጅጋ ጋራዥ ወስዶ ለአንድ ሳምንት እንዲያይ ያደርገዋል። ወጣቱ ከሳምንት በኋላ “ዘይቱና ጩኸቱ አልሆነልኝም” ቢል እንኳ የጠፋው ሳምንት እንጂ ዕድሜ አይደለም። “ይህ ነው” ቢል ደግሞ የሙያ ሥልጠናውን መርጦ ይገባል፤ መርጦ የገባ ሰው የሚማረው ተመድቦ ከገባው በተለየ ልብ ነው።

በዚያው አካባቢ የሚገኝ አንድ የሙያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ በሚዘረጋው የሐውድ ሜዳ የከርሰ ምድር ውኃ ጥልቅ በመሆኑ ሕዝቡ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅመው “ብርካ” በሚባል፣ መሬት ተቆፍሮ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ በሚገነባ ጉድጓድ ነው። ይህ ሥራ በሐውድ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የብርካ ግንበኝነት ከአባት የተወረሰ ጥንታዊ ሙያ አይደለም፤ የአርብቶ አደር ልጆች አይተውት፣ ሞክረውት፣ ወድደውት የያዙት አዲስ ሥራ ነው። እንግዲህ የሜዳው ልጅ አዲስ ሙያ አይቀበልም የሚለው ክስ በገዛ መሬቱ ላይ ተሰርዟል። ሥራውን ዐይኑ እንዲያይ ከተደረገ ይመርጣል።

እርግጥ ምክር ብቻውን ሥራ አይፈጥርም። ፋብሪካ፣ መንገድና ውኃ በሌለበት ቦታ ምንም ያህል ጥሩ አማካሪ ቢቀመጥ የሚያሳየው በር ያጣል። በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን መቋቋሙ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ይህ ኃላፊነት ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መሰጠቱ ሥራን የመፍጠሩና ሰውን የማዘጋጀቱ ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር እንዲታይ ታስቦ ነው። ነገር ግን ክፍት ሥራ ኖሮም ተገቢው ሰው የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክር የሚያስፈልገው ለዚህ ክፍተት ነው።

የባለሙያው ድርሻ

“ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል” የሚለው ምሳሌ ለአገራችን ወጣት በተለይ ይሠራል። ነገር ግን ለመናገር የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ፓርሰንስ ካስቀመጧቸው ሦስት ነገሮች መካከል የመጀመሪያውን፣ ራስን የማወቁን ነገር፣ ትምህርት ቤትና ወላጅ ሊያግዙ ይችላሉ። ሦስተኛውን፣ የማመዛዘኑን ነገር፣ የሠለጠነ አማካሪ ያግዛል። ሁለተኛውን፣ ሥራዎችን የማወቁን ነገር ግን ከባለሙያው በቀር ማንም አሟልቶ ሊሰጥ አይችልም። የመንገድ መሐንዲስ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ ምን እንደሚያስደስተው፣ ምን እንደሚያስመርረው ከመጽሐፍ አይገኝም።

ስለዚህ በሙያ ማኅበር ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ያላቸው ኃላፊነት ከሌላው ይበልጣል። በሶማሌ ክልል መንገድ የሚቀይስ፣ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ ሁሉ በሚሠራበት ወረዳ ካለው ትምህርት ቤት ሁለት ሦስት ልጆችን ጠርቶ አንድ ቀን ከሥራው ጋር ቢያውላቸው ወጪው ከምሳ አይበልጥም። ከእነርሱ መካከል አንዱ መሣሪያውን አንሥቶ በዚያ ማዶ ያለውን ኮረብታ ሲመለከት ዐይኑ የሚበራ ይሆናል። አንዱም “ይህስ ለእኔ አይሆንም” ብሎ ይመለሳል፤ ይህም ትርፍ ነው፤ በኋላ ተመድቦ ከመማረር አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ልጃገረዶቹም እንዳይዘነጉ፤ እናቶቻቸው በወተት ንግድ ያሳዩት የሒሳብና የገበያ ችሎታ ብዙ ሙያ የሚከፍት ቁልፍ ነው።

የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ባለ እጁን መስደብን ከለከለ። የአዋጁን ሌላ ግማሽ መፈጸም ለዚህ ትውልድ ቀርቷል፤ ይኸውም እጁ ለየትኛው ሥራ እንደተፈጠረ ገና ያላወቀውን ልጅ መጠየቅና መልሱን ታግሦ መስማት ነው።